ጎሚስታ በሌለበት በረሃ

ከላስ ቬጋስ ወደ ሎስ አንጀለስ በመኪና የተመላለሳችሁ ብዙዎች ናችሁ። ለጉባኤ፣ ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ አንዳንዴም "ልጆቹ ባሕር ይዩ" ብላችሁ ያንን 270 ማይል (435 ኪሎ ሜትር ገደማ) ነድታችኋል። ዛሬ የማወራችሁ ያንኑ መንገድ ከኋላ ተሳቢ አስራችሁ ስትሄዱ ነገሩ እንዴት እንደሚለወጥ፣ እንዲሁም ከዕቃችሁ ሁሉ ቀድማ መያዝ ስላለባት አንዲት ትንሽ የጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር ነው።

"የፓስተር ሚስት ስለ ጎማ ምን አገባት?" የምትሉ አትጠፉም። ያገባኛል! የጉባኤው ዕቃ የሚጫነው በእኛ ተሳቢ ላይ ነው። ድምፅ ማጉያው፣ ሚክሰሩ፣ የእህቶች ኅብረት ትልልቅ ድስቶች፣ የሽንኩርቱ ጆንያ፣ እንጀራው፣ ውኃው ሁሉ እዚያ ላይ ነው። ከፊት ባለው መኪና ውስጥ ደግሞ የተቀመጡት ልጆቻችን ናቸው።

መንገዱን ለማያውቀው ልግለጸው። ላስ ቬጋስ ከባሕር ወለል በላይ 600 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ኢንተርስቴት 15ን ይዛችሁ ጂንን ስታልፉ ፕሪም ትደርሳላችሁ፤ እዚያ ኔቫዳ አልቆ ካሊፎርኒያ ይጀምራል። በስተቀኝ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ የጀመረው የኢቫንፓ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ሦስት ማማዎች ቆመው ታያላችሁ። ከዚያ ዳገት ነው። ማውንቴን ፓስ ላይ 1,440 ሜትር ገደማ ትደርሳላችሁ፤ ጆሹዋ የሚባሉት፣ እጃቸውን ወደ ሰማይ የዘረጉ የሚመስሉት ዛፎች በዚያ አካባቢ ናቸው። ጠዋት አየሩ ደስ ይላል፤ መስኮት ከፍታችሁ ትሄዳላችሁ። ሃሎራን የሚባለውን ሌላ ከፍታ ካለፋችሁ በኋላ ግን ረጅሙ ቁልቁለት ይጀምርና ቤከር ላይ ያደርሳችኋል። ቤከር 280 ሜትር ላይ ነች፤ ስለዚህ ከማውንቴን ፓስ ወዲህ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዳችኋል። ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት የወረደ ሰው ይህን ያውቀዋል። ጋቢውን ለብሶ ይነሣል፤ ታች ሲደርስ ሸሚዙም ይከብደዋል።

ቤከር ትንሽ ከተማ ናት፤ ነዳጅ ማደያዎች፣ ምግብ ቤቶች፣ አንድ ረጅም አውራ ጎዳና፣ በቃ። ግን ከሩቅ የሚታይ ነገር አላት። እ.ኤ.አ. በ1991 የተሠራ የሙቀት መለኪያ ምሰሶ ነው፤ ቁመቱ 134 ጫማ ወይም 41 ሜትር ገደማ ይሆናል። 134 የሆነበት ምክንያት አለው። ከቤከር ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ ወደ ዴዝ ቫሊ፣ ማለትም ወደ "ሞት ሸለቆ" ይወስዳል። በዚያ ሸለቆ ጁላይ 10 ቀን 1913 እ.ኤ.አ. 134 ዲግሪ ፋረናይት ሙቀት ተመዝግቧል። በሴልሺየስ 56.7 ማለት ነው፤ በምድር ላይ ከተመዘገበው የአየር ሙቀት ሁሉ ከፍተኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ በመዝገብ ላይ አለ። ልጆቻችን ምሰሶውን ሲያዩ ቁጥሩን ለማንበብ ይሽቀዳደማሉ። እኔ የማየው ግን የመንገዱን ዳር ነው። ተበጣጥሶ የተጣለ የጎማ ቁራጭ በቀኝም በግራም ወድቋል፤ ጥቁር፣ የተጠቀለለ፣ ከሩቅ እባብ የሚመስል። እያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ቤተሰብ ወይም አንድ ሾፌር በዚያ ሐሩር የቆመበት ቦታ ነው።

አገር ቤት እያለን ይህ ብዙም አያሳስበንም ነበር። ከሞጆ እስከ አዋሽ፣ ከአዋሽ እስከ ሚሌ ስትሄዱ በየከተማው መግቢያ ያረጀ ጎማ በቁሙ ተተክሎ "ጎሚስታ" የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪኖች ደግሞ ረዳት አላቸው። መኪናው በቆመ ቁጥር ዘሎ ወርዶ የተሳቢውን ጎማ በብረት እየመታ ድምፁን ያዳምጣል፤ የላላውን ከጠበቀው በጆሮው ይለያል። መኪናው የፍሬን አየር ስላለው ከዚያው ቀድቶ ጎማውን ይነፋል። እዚህስ? ከቤከር እስከ ባርስቶው ያለው 60 ማይል ገደማ መንገድ ድንጋይና ደረቅ ሐይቅ ነው። ጎሚስታም ረዳትም እናንተው ናችሁ።

"መኪናችን እኮ የጎማ አየር ሲቀንስ መብራት ያበራልናል" ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ያ መብራት እንዲኖር ብዙ ነፍስ ጠፍቷል። ጎማቸው እየተገነጠለ በመገልበጥ በርካታ ሰዎች ከሞቱ በኋላ የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ2000 ሕግ አወጣ፤ በዚያም መነሻነት ከ2008 ሞዴል ጀምሮ አዲስ የሚሸጡ ቀላል መኪኖች መቆጣጠሪያው እንዲኖራቸው ግዴታ ሆነ። ነገር ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። መብራቱ የሚበራው አየሩ መሆን ከሚገባው 25 በመቶ ከጎደለ በኋላ ነው። ደግሞም ግዴታው ተሳቢን አይመለከትም። ለተሳቢ ጎማ የሚገጠም መቆጣጠሪያ ለብቻው ተገዝቶ ሊገጠም ይችላል፤ አቅሙ ላለው ጥሩ ነገር ነው። ካልገዛችሁ ግን ስለዚያ ጎማ የሚነግራችሁ የለም። የፊቱ መኪና ጎማ ሲተነፍስ መሪው ይነግራችኋል፤ የተሳቢው ሲተነፍስ ግን መሪው ዝም ይላል፤ መቀመጫውም አይንቀጠቀጥም።

አንድ የቅርብ ወዳጆቻችን የሆኑ ባልና ሚስት ይህን አይተዋል። በጁላይ ወር፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ከቤከር ትንሽ እንዳለፉ ከጎናቸው ያለ ሾፌር ጥሩምባ እየነፋ ወደ ኋላ ያመለክታቸዋል። እነርሱ ሰላምታ መስሏቸው እጃቸውን አወዛወዙለት! ጥቂት ቆይቶ ነው ጭሱን በመስተዋት ያዩት። የተሳቢው የግራ ጎማ ሙሉ በሙሉ ተገንጥሎ የተንጠለጠለው ጎማ የጭቃ መከላከያውን ቆርጦት ነበር። ሦስት ልጆች ይዘው ለእርዳታ ሦስት ሰዓት ጠበቁ። ሞተሩ ጠፍቶ መኪና ውስጥ መቀመጥ አይቻልም፤ ውጪ ደግሞ ጥላ የለም። ትንሹ ልጅ ማስመለስ ሲጀምር እናቱ ምን እንደተሰማት እናቶች ታውቁታላችሁ። ልጁ ደኅና ሆነ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። "ማታ ግቢያችን ውስጥ አይቼው ነበር እኮ፤ ሙሉ ነበር" አለችኝ በኋላ። ባሏም አይቶት ነበር። ሁለቱ እስከ ሎስ አንጀለስ ሳይነጋገሩ ሄዱ።

ሁለቱም አልዋሹም። የተሳቢ ጎማ ጎኑ ጠንካራ ነው፤ 50 ሊይዝ የሚገባው 35 ሲይዝም ለዓይን ሙሉ ይመስላል። ስለዚህ ውድ ባለትዳሮች፣ "ጎማውን አየኸው?" "አዎ፣ አይቼዋለሁ" የሚለው ምልልስ ምንም አያስረዳም። የሚያስረዳው ቁጥር ብቻ ነው።

እስቲ ጎማ በሙቀት እንዴት እንደሚሞት እንይ። ብዙ ሰው ጎማ የሚፈነዳው አየር ስለበዛበት ይመስለዋል። ብዙውን ጊዜ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ የሚገድለው የአየር ማነስ ነው። ሽቦ ለመቁረጥ ወዲያና ወዲህ ስታጣጥፉት እጃችሁን ያቃጥል የለም? አየር ያነሰው ጎማም በዞረ ቁጥር ጎኑ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ ይታጠፋል፣ በደቂቃ መቶ ጊዜዎች። ውስጡ እየጋለ ሄዶ ላስቲኩ ከውስጥ ካለው ሽቦ ይላቀቃል። በላዩ ላይ የቤከር አስፋልት፣ በላዩ ላይ የሽንኩርቱ ጆንያ አለ። በብዙ ትንንሽ ተሳቢዎች ላይ የሚገኘውን ኤስ.ቲ. 205/75 አር 15 የሚባለውን ጎማ ውሰዱ። ደረጃው "ሲ" የሆነው 50 ፒ.ኤስ.አይ አየር ሲይዝ 1,820 ፓውንድ (825 ኪሎ ግራም) ይሸከማል፤ "ዲ" የሆነው ደግሞ 65 ይዞ 2,150 ፓውንድ (975 ኪሎ ግራም) ይሸከማል። ይህ ቁጥር አየሩ ሙሉ ሲሆን ነው። አየሩ ሲጎድል አቅሙም ይጎድላል፤ ድስቱ ግን አይቀልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጎማ ላይ የተጻፈው ግፊት ጎማው ሳይሞቅ የሚለካ ነው። መኪናው ቢያንስ ሦስት ሰዓት ቆሞ፣ ፀሐይም ሳያርፍበት ማለት ነው። በየ10 ዲግሪ ፋረናይቱ ግፊቱ 2 በመቶ ገደማ ከፍና ዝቅ ይላል፤ መንገድ ላይ ደግሞ ጎማው ራሱ ስለሚግል ከዚያም በላይ ይወጣል። እንግዲህ ቤከር ነዳጅ ማደያ ቆማችሁ የጋለውን ጎማ ብትለኩና በትክክል 50 ቢላችሁ ደስ አይበላችሁ፤ ሲቀዘቅዝ ከ50 በታች ነው፤ ጎድሎ ነው የመጣው። 57 ቢላችሁ ደግሞ "በዛ" ብላችሁ አታስተንፍሱት። የጋለ ጎማ አየሩ ከፍ ማለቱ ተፈጥሮው ነው፤ ካስተነፈሳችሁት ነገ ጠዋት ጎድሎ ታገኙታላችሁ።

ኮምፕሬሰር መያዝ ለምን እንደሚያስፈልግ እዚህ ላይ ይገባችኋል። ብዙ ሰው የሚገዛው "መንገድ ላይ ጎማ ቢተነፍስብኝ" ብሎ ነው። ለዚያም ያገለግላል። ትልቁ ጥቅሟ ግን ገና ሳትነሡ፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ በገዛ ግቢያችሁ፣ ጎማው ሳይሞቅ ለክታችሁ መሙላት መቻላችሁ ነው። ነዳጅ ማደያ እስክትደርሱ ጎማው መሞቅ ይጀምራል። በነገራችን ላይ በካሊፎርኒያ ሕግ ነዳጅ ለሚቀዳ ደንበኛ ማደያው አየርና ውኃ በነፃ እንዲሰጥ ይገደዳል፤ ብዙዎቻችን ሳናውቅ ሳንቲም እንከፍላለን። መብቱ መልካም ነው። ግን ተሳቢ ይዛችሁ ያቺ የአየር ቱቦ ያለችበት ጠባብ ጥግ ለመግባት ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? እንደምንም ብትገቡ ትወጣላችሁ ወይ? ደግሞ ማሽኑ ለትንሽ መኪና 35 ለመሙላት ጥሩ ሆኖ 65 ላይ ሲደርስ የሚያቅተው ሞልቷል።

ስትገዙ ታዲያ በዋጋና በቀለም አትመሩ። መጀመሪያ ጎማችሁ የሚፈልገውን ቁጥር ከጎኑ አንብባችሁ ሂዱ፤ ኮምፕሬሰሯ ከዚያ ብዙ ከፍ የሚል ግፊት መስጠት አለባት። 65 ለሚፈልግ ጎማ እስከ 70 ብቻ የምትችል ከወሰዳችሁ የመጨረሻዋን አምስት ለመጨመር እያቃሰተች ትግላለች። ቀጥሎ ርዝመት ነው፤ ይህን ሻጭ አይነግራችሁም። ከመኪናችሁ የሲጋራ መለኮሻ ሶኬት እስከ ተሳቢው ጎማ ስንት ሜትር አለ? በገመድ ለኩት። ብዙዎቹ ትንንሽ ኮምፕሬሰሮች ለራሱ ለመኪናው ጎማ የተሠሩ ናቸው፤ ገመዳቸው ከመኪናው የኋላ ጎማ አያልፍም። በዚያ ላይ የሲጋራ መለኮሻው ፊውዝ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 አምፔር ነው፤ ጉልበት ያላቸው ኮምፕሬሰሮች ከዚያ በላይ ስለሚስቡ በመቆንጠጫ በቀጥታ ከባትሪው ጋር ይያያዛሉ። ሞተሩን አስነሥታችሁ ተጠቀሙ፤ አለዚያ ጎማ ነፍታችሁ ባትሪ ትጨርሳላችሁ። የራሳቸው ባትሪ ያላቸውም አሉ፤ ሽቦ የለም፣ ሴትም ልጅም በቀላሉ ይይዛቸዋል፤ እኔ እነዚህን እወዳለሁ። ግን የሊቲየም ባትሪ ሙቀት አይወድም፤ በበጋ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉአቸው፤ እንደ ሕፃን ይዛችኋቸው ግቡ።

ሌላው ዕረፍት ነው። በማሸጊያው ላይ ስንት ደቂቃ ሠርታ ስንት ደቂቃ ማረፍ እንዳለባት ተጽፏል። በቀዝቃዛ ጠዋት ችግር የለም፤ በቤከር ቀትር ግን ራሷ ግላ ትቆማለች። የቱቦዋ ነሐስ ጫፍም ጣት ያቃጥላል፤ ጨርቅ ወይም ጓንት አብራችሁ አስቀምጡ። መለኪያም ለብቻው ግዙ። በኮምፕሬሰሯ ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ አትመኑ።

እኛ ቤት እንዲህ ነው የምናደርገው። ዕቃው ማታ ይጫናል፤ ጠዋት ከመነሣታችን በፊት ባለቤቴ ተንበርክኮ ይለካል፣ እኔ ባትሪ አብርቼ ደብተር ይዤ እጽፋለሁ። ቀኝ፣ ግራ፣ ቅያሪው። ቅያሪውን ጎማ አትርሱ፤ ተተንፍሶ የተሰቀለ ቅያሪ ጌጥ ነው። መጀመሪያ ላይ ደብተሩ ለባለቤቴ ትርፍ ነገር መስሎት ነበር። በሦስተኛው ጉዞ ላይ ግን ገልጠን ስናየው ቀኙ ምንም አልጎደለም፣ ግራው ግን በየጊዜው ሦስት ሦስት ጎድሏል። ጎሚስታ ጋ ወስደን አስፈተሸነው፤ ጥፍር የምታህል ምስማር ገብታበት ኖሯል። በዓይን አይታይም፣ አየሩ ሲወጣም አይሰማም። ከዚያ ወዲህ ደብተሩን የሚያስታውሰኝ እርሱ ነው። ከመነሣታችን በፊት እጅ ለእጅ ተያይዘን እንጸልያለን፤ ጸሎቱ ግን ከደብተሩ በኋላ ነው።

የካሊፎርኒያን ድንበር ስታልፉ ፍጥነታችሁን ቀንሱ። ተሳቢ ለሚጎትት የተፈቀደው በሰዓት 55 ማይል፣ 88 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብዙ የተሳቢ ጎማዎችም ሌላ ካልተጻፈባቸው በስተቀር ከ65 ማይል በላይ እንዲሮጡ አልተሠሩም። ሌላው ሁሉ እየጮኸባችሁ ያልፋችኋል፤ ይለፋ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ከቬጋስ የሚመለሰው ሕዝብ መንገዱን ስለሚያጨናንቀው ከተቻለ ያንን ሰዓት ሽሹ፤ በሐሩር ውስጥ መሳብ ለጎማም ለሞተርም ለትዳርም አይበጅም። በመልስ ጉዞ ከቤከር ወደ ላይ ስትወጡ ሞተር እንዳይግል ማቀዝቀዣ አጥፉ የሚል ምልክት ታያላችሁ፤ ተሳቢ ለያዘ ሰው ይህ ምክር ብቻ አይደለም።

ኮምፕሬሰር የማትችለውንም ልንገራችሁ። ቀስ ብሎ የሚተነፍስ ጎማን ነፍታችሁ እስከሚቀጥለው መውጫ ታደርሳችኋለች፤ የተቀደደ ጎማን ግን አታድንም። ተንፍሶ ሳለ ማይሎች የተነዳበት ጎማ ደግሞ ጎኑ ውስጡን ተፈጭቷልና ነፍታችሁ አትመኑት፤ ሲነፋ ሊፈነዳ ይችላል። የምትነፉትን ጎማ ፊት ለፊቱ አትቁሙ፣ ወደ ጎን ሁኑ፣ ልጆችንም አርቁ። ለተቀደደው ቅያሪ ጎማ፣ የተጫነውን ተሳቢ የሚያነሣ ክሪክ፣ የተሳቢውን ብሎን የሚፈታ ቁልፍ ያስፈልጋል። የመኪናችሁ ቁልፍ ለተሳቢው ላይሆን ስለሚችል ቤት ሳላችሁ ሞክሩት። የግራው ጎማ ከሆነ ደግሞ ከባድ መኪና በሚያልፍበት ዳር አትንበርከኩ። ጨርሶ ካልተነፈሰ በዝግታ እየነዳችሁ እስከ መውጫው ሂዱ፤ ጨርሶ ከተነፈሰ ከመንገዱ ርቃችሁ እርዳታ ጥሩ። የመንገድ ላይ እርዳታ ውላችሁንም አንብቡት፤ መኪናውን ሸፍኖ ተሳቢውን የሚተው አለ።

የጎማውን ዕድሜም እዩ። በጎኑ ላይ ካለው ረጅም ቁጥር የመጨረሻዎቹ አራት ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራሉ፤ 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የተሳቢ ጎማ በዓመት ጥቂት ጊዜ ስለሚነዳ ጥርሱ ሳያልቅ በፀሐይ ይደርቃል፤ አዲስ መስሎ ያረጃል። ከአምስትና ስድስት ዓመት ካለፈ የሚያውቅ ሰው አሳዩት።

አንድ ነገር ቀረኝ። ኮምፕሬሰሯን፣ መለኪያውን፣ ክሪኩንና ጓንቱን የምታስቀምጡት በተሳቢው ውስጥ ሳይሆን በመኪናው ውስጥ ይሁን፤ ከቅርብ፣ ከላይ። በአንድ ጎኑ ያዘነበለ ተሳቢ በር በረሃ ላይ ተከፍቶ፣ ድስትና ሽንኩርት አስፋልቱ ላይ ተዘርግፎ፣ መለኪያ ሲፈለግ አይቻለሁ።